ደም ከቤቱ ሳይወጣ

በግ ሲታረድ አጠገቡ የቆመ ሰው ሁሉ አይቶታል። በሳህን የተቀበሉት ደም ቆዳው ተገፎ ሳያልቅ ይረጋል፤ ሳህኑን ቢያዘነብሉት እንደ እርጎ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈስም። እርጎም ስሙን ያገኘው ከዚያው «ረጋ» ከሚለው ግሥ ነው። ያ ደም ከደቂቃዎች በፊት በበጉ ሥሮች ውስጥ እንደ ውሃ ሲሮጥ ነበር። በሥር ውስጥ የማይረጋው ከሥር ሲወጣ ለምን ይረጋል? አየር ነክቶት ነው ያሉ ነበሩ። ቀዝቅዞ ነው ያሉም፣ መሮጡን ስላቆመ ነው ያሉም ነበሩ። ለንደን ላይ ዊልያም ሂውሰን የተባለ ሐኪም በ1770ዎቹ እነዚህን ግምቶች አንድ በአንድ ፈተናቸው፤ የሚረጋው የደሙ ቀይ ክፍል ሳይሆን ቀዩን ተሸክሞ የሚሄደው ፈሳሽ መሆኑንም አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መርጋቱን የሚያስጀምረው ግን ማን እንደሆነ አላወቀም። ለማወቅ መቶ ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር።

መቶ ዓመቱ የባከነው በአጉሊ መነጽር እጦት አይደለም። መነጽሩ ነበረ፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ደም ግን የሞተ ነበር። ሐኪሙ ጣት ይወጋል፣ ጠብታዋን መስታወት ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ አጎንብሶ ያያል። ቀዮቹ ሕዋሳት መልካቸውን ይዘው ይጠብቁታል፤ ነጮቹም እንዲሁ። በመካከላቸው ግን የተኮማተረ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ቅርጽ የለሽ ጥቃቅን ነገር አለ። መስታወቱ በደንብ አልተወለወለም ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ብዙዎችም አለፉ። በ1842 ፓሪስ ላይ አልፍሬድ ዶኔ ሳያልፍ ቀርቶ «ግሎቡሊን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ከምግብ ተመጥጦ ወደ ደም የሚገባ የቅባት ፍርፋሪ መሰሉት። በ1865 ቦን ላይ ማክስ ሹልትዘ አንድ ብልሃት ጨመረ። የአጉሊ መነጽሩን መደብ የሚያሞቅ መሣሪያ ሠርቶ ደሙን በሰውነት ሙቀት ልክ ተመለከተው። ጉድፍ የተባሉት ነገሮች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ሁልጊዜ እንዳሉ ጻፈ፤ ጉዳዩ የሚገደው ሰው እንዲመራመርበትም አሳሰበ። እሱ ራሱ ግን አልቀጠለበትም።

ቀጥሎ የመጣው ወጣት ካናዳዊ፣ በኋላ ዘመን የሐኪሞች ሁሉ መምህር ሊባል የደረሰው ዊልያም ኦስለር ነበር። ለንደን ላይ ሲማር የአይጥ ደም ሥር ሳይበጥስ ከአጉሊ መነጽር ሥር አኖረና በ1874 ያየውን አሳተመ። ትናንሾቹ ነገሮች በሥሩ ውስጥ አንድ በአንድ፣ ተለያይተው ይንሳፈፋሉ፤ ደሙ ከሥሩ ሲወጣ ተጠራርተው ይከማቻሉ። ቁልፉ በእጁ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ የባክቴሪያ ዘመን ነውና ኦስለርም ከደም ሲወጡ ቅርጻቸው ሲለወጥ አይቶ አንዳች ሕያው ተሕዋስ ይሆኑ እንደሆነ ጠረጠረ። በዓይኑ ያየው ልክ ነበር፤ የሳተው ትርጓሜው ላይ ነው።

እውነተኛው መልስ የመጣው ከቱሪን ነው። ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1846 በሰሜን ኢጣሊያ ቫሬዘ ተወለደ፤ በ27 ዓመቱ የቱሪን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ቀይ የደም ሕዋስ የሚወለደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑን ገና በወጣትነቱ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነው። በ1869ም በዚያው መቅኔ ውስጥ ግዙፍ፣ ኒውክሊየሳቸው እንደ ዝንጅብል የተጎጣጎጠ ሕዋሳት አይቶ ጽፎ ነበር። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

በ1881 ቢዞዜሮ የያዘው ጥያቄ የሂውሰን ጥያቄ ነበር፤ የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ደሙን ከማውጣት ይልቅ እሱ ወደ ደሙ ገባ። ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በመድኃኒት አደነዘዘ፤ ሆዷን ከፍቶ አንጀቷን የሚያያይዘውን ስስ ሽፋን አወጣና መስታወት ላይ ዘረጋው። ያ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ የደም ሥሮቹ ደግሞ እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተውበታል። እንስሳዋ ትተነፍሳለች፣ ልቧ ይመታል፣ ደሙ ይሮጣል። በዚያ ሩጫ መካከል ቢዞዜሮ ከቀዩና ከነጩ የተለየ ሦስተኛ ነገር አየ፤ ቀለም የሌላት፣ ከቀዩ ሕዋስ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያነሰች፣ እንደ ምጣድ ዝርግና ክብ የሆነች። በኢጣሊያንኛ «ፒያስትሪኔ» አላቸው፣ ትናንሽ ዝርግ ነገሮች ማለቱ ነው። በኋላ እንግሊዝኛው ፕሌትሌት ያለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ የደም ምርመራ ውጤታችን ላይ የምናነበው ስም።

ከዚያ የሥሩን ግድግዳ ጎዳ አደረገውና ጠበቀ። ቀዮቹ ሕዋሳት አልፈው ሄዱ። ነጮቹም በመጀመሪያ አልቆሙም። የቆሙት ትናንሾቹ ናቸው። አንዲቱ ከተጎዳው ቦታ ተጣበቀች፣ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ፣ ሦስተኛዋ ከሁለቱ፤ በዓይኑ ሥር ነጭ ክምር ተሠራ። አንዳንዴ ጅረቱ ክምሩን ገንጥሎ ይወስደዋል፤ ወዲያው ሌላ ይሠራል። ሲጣበቁ ያ ዝርግ መልካቸው ይጠፋል፤ ይኮማተራሉ፣ ይሻክራሉ። በመስታወት ላይ ሲታይ የኖረው ጉድፍ ይህ ነው፤ ሥራውን የጨረሰ ፕሌትሌት። ቢዞዜሮ ሌላ ቀላል ሙከራም አደረገ። አዲስ በተቀዳ ደም ውስጥ ክር ነከረና አውጥቶ አየው። ክሩን ቀድመው የለበሱት ፕሌትሌቶች ነበሩ፤ ደሙን የሚያስረው የፋይብሪን ድር የተሠራው ከእነሱ ዙሪያ ነው።

ይህን ሁሉ በ1882 በጀርመንኛ ሰፊ ጽሑፍ አድርጎ አወጣው። ጭብጨባ የጠበቀ ከሆነ ተሳስቷል። ፓሪስ ላይ ዦርዥ ሃየም ከአራት ዓመት በፊት እነዚሁኑ ቆጥሮ «ሄማቶብላስት»፣ የደም ጽንስ፣ ብሏቸው ነበር፤ አድገው ቀይ ሕዋስ ይሆናሉ ባይ ነው። እናም ክርክሩ ከሳይንስ አልፎ «እኔ ቀደምኩ፣ አንተ ቀደምክ» ሆነ። በዶርፓት የአሌክሳንደር ሽሚት ተከታዮች ደግሞ መርጋትን የሚያስጀምሩት ነጭ ሕዋሳት ናቸው ብለው ጸኑ። ሌሎች ፕሌትሌት የሚባል ነገር የለም፣ የፈረሰ ነጭ ሕዋስ ፍርስራሽ ነው አሉ። ቢዞዜሮ የሚመልሰው መልስ ያው አንድ ነበር፤ በሥሩ ውስጥ እዩት። በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ታሞ አጉሊ መነጽሩን ተወና ለሕዝብ ጤና መከራከር ያዘ። በ1901 በሳንባ ምች ሞተ። ኖቤል መሸለም የጀመረው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፤ ወዳጁና ከእሱ ቤተ ሙከራ የወጣው ካሚሎ ጎልጂ በ1906 ሲሸለም ቢዞዜሮ በሕይወት አልነበረም። ሰውየው ሥራውን የሚያህል ስም አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ጎልጂ በተሸለመበት በዚያው 1906 ቦስተን ላይ ጄምስ ሆመር ራይት የፕሌትሌቶችን እናት አገኘ። ራይት የደም ናሙና የሚቀለምበትን፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ቀለም የሠራ ሰው ነው። በዚያ ቀለም ፕሌትሌቶች መሃላቸው በወይን ጠጅ ቀለም የተነጠበ፣ ዳራቸው ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ራይት የአጥንት መቅኔን በዚያው ቀለም ሲቀልም ያንኑ ነጠብጣብና ያንኑ ዳር በግዙፎቹ ሕዋሳት ሥጋ ውስጥ አገኘው። ሕዋሳቱ ክንዳቸውን ወደ ደም ሥር ይሰድዳሉ፤ ክንዱ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩ ፕሌትሌት ነው። እነዚያ ግዙፎች ቢዞዜሮ በ1869 አይቶ የተዋቸው ናቸው። በ1890 አሜሪካዊው ዊልያም ሃውል «ሜጋካርዮሳይት» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ቢዞዜሮ እናቲቱንም ልጆቿንም በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ የማን ልጅ መሆናቸውን ሳያውቅ ሞተ።

ከራይት ጋር የሠራው ዊልያም ዱክ በ1910 ነገሩን ወደ አልጋው ዳር አመጣው። በየቦታው የሚደማ፣ ፕሌትሌቱ እጅግ ያነሰ ወጣት ነበረ። በዚያን ጊዜ ደም ሳይረጋ የሚያቆይ መድኃኒት ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ ደሙ ከለጋሹ ሥር በቀጥታ ወደ በሽተኛው ሥር ተላለፈ። መድማቱ ቆመ፤ ፕሌትሌቶቹ ከቀናት በኋላ ሲያልቁ ተመልሶ መጣ። ዱክ ይህን የለካው የጆሮ ጫፍ ወግቶ በየግማሽ ደቂቃው በመምጠጫ ወረቀት እየነካ ነው። በጤነኛ ሰው ነጠብጣቡ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይጠፋል። ይህ ምርመራ ለአሥርት ዓመታት በየሆስፒታሉ ሲሠራበት ኖሯል።

በ1916 ፕራግ ላይ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ፓውል ካዝኔልሰን ጣፊያ ፕሌትሌት ትበላለች ብሎ ገመተና መምህሩን አሳምኖ ከአንዲት ደማች ሴት ጣፊያዋን አስወጣ። ቁጥሩ ወዲያው ተተኮሰ። ሁሉም ነገር የቁጥር ጉዳይ መሰለ።

እንዳልሆነ ያሳየችው የኦላንድ ደሴቶች ልጅ ናት። ኦላንድ በፊንላንድና በስዊድን መካከል ባሕር ላይ የተበተነ የዓሣ አጥማጅና የመርከበኛ አገር ነው። በ1924 የአምስት ዓመት ልጅ ከዚያ ወደ ሄልሲንኪ መጣች። ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ መረመራት፤ ፕሌትሌቶቿ በቁጥር አልጎደሉም፤ መድማቷ ግን አያቆምም። ከእህትና ወንድሞቿ በሕፃንነታቸው ደም ፈስሷቸው የሞቱ ነበሩ። ሐኪሙ ዘሯን ቆጠረ፤ ከ66 የቤተሰቡ አባላት 23ቱ ደማቾች ሆኑ፣ ሴቱም ወንዱም። ጽሑፉ በ1926 ወጣ። ልጅቷ 13 ዓመት ሲሆናት በአራተኛ የወር አበባዋ ደሟ ፈስሶ ሞተች። የጎደላትን ነገር ለማወቅ ሌላ ሰላሳ ዓመት ፈጀ፤ ከስዊድን ማልመ የሄዱ ሐኪሞች በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ችግሩ ከፕሌትሌቷ ሳይሆን ከፈሳሹ መሆኑን አረጋገጡ። ዛሬ በሐኪሙ ስም የሚጠራው ያ ፕሮቲን ሙጫ ነው ማለት ይቻላል። ሥር ሲቀደድ ከተጋለጠው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና በፍጥነት የምታልፈዋን ፕሌትሌት ጎትቶ ያስቀራታል። ሙጫው ከሌለ ፕሌትሌቶቹ ቁስሉን እያዩት ያልፋሉ።

ቀጥሎ የማነሳውን ሰው ሥራ ድፍረት ይሉት ወይም እብደት ለአንባቢ እተወዋለሁ። በ1950 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የተባለ የ20ዎቹን ዕድሜ ያልጨረሰ ሐኪም ነበር። ፕሌትሌታቸው ያለምክንያት የሚያልቅባቸውን በሽተኞች ያክማል። መቅኔያቸው መሥራት አቁሞ ነው ወይስ የተሠራውን የሚያጠፋ ነገር በደማቸው ውስጥ አለ? ሃሪንግተን ሁለተኛውን ጠረጠረ። ማረጋገጫው አንድ ነበር፤ ከበሽተኛ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ቀድቶ በራሱ ሥር ውስጥ አስገባው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፕሌትሌቱ ከዜሮ አቅራቢያ ወደቀ። አንቀጠቀጠው፤ ራሱን ሳተ፤ ቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ ወጣ። ባልደረቦቹ አስተኝተው ጠበቁት፤ ከመቅኔውም ቀድተው አዩ። ሜጋካርዮሳይቶቹ አልተነኩም። በአምስት ቀን ገደማ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ የቤተ ሙከራው ባልደረቦች በየተራ የበሽተኞችን ፕላዝማ፣ የደሙን ፈሳሽ ክፍል ማለት ነው፣ በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ሰውነት በገዛ ሕዋሱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያነሳ እንደሚችል ከተገለጸባቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ሆነ።

በዚያው በ1950 በካሊፎርኒያ ግሌንዴል ከተማ ሎረንስ ክሬቨን የሚባል የሰፈር ሐኪም ያን ያህል ትኩረት ባላገኘ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ቶንሲላቸውን ለተቆረጡ በሽተኞቹ ሕመም ማስታገሻ እንዲሆናቸው አስፕሪን ያለበት ማስቲካ ይሰጥ ነበር፤ ማስቲካውን ያበዙት ክፉኛ ይደማሉ። ክሬቨን ነገሩን ገለበጠው። ደምን ከቶንሲል የሚያስፈስስ ነገር በልብ ሥር ውስጥ የሚረጋውንስ አይከለክልም? በራሱ ላይ ሞከረ፤ በቀን 12 ክኒን እየዋጠ እስኪነስረው ጠበቀ። ከዚያ ለወንዶች ሁሉ ማዘዝ ጀመረ፤ በ1956 ወደ 8,000 ሰው ደርሶ አንዳቸውም የልብ ጥቃት አልደረሰባቸውም ብሎ ጻፈ። ማነጻጸሪያ ግን አልነበረውም፤ ማንም አልሰማውም። በቀጣዩ ዓመት ሲሞት የገደለው ልቡ ነው። መርጋትን የሚያስቆመው ምን እንደሆነም በተሳሳተ መንገድ ነበር ያስረዳው፤ አስፕሪን ፕሌትሌትን እንደሚያስር አላወቀም።

ቤተዝዳ ውስጥ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ደግሞ የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ክፍል ነበረ፤ ትራሱም አንሶላውም በደም ይነከራል። አብዛኞቹ የሚሞቱት በካንሰሩ ሳይሆን በመድማት ነው። ኤሚል ፍራይራይክ የጎደላቸው ፕሌትሌት ነው ሲል አለቆቹ አላመኑትም፤ በደማቸው ውስጥ ደም የሚያቀጥን ነገር አለ ባዮች ነበሩ። የራሱን ደም ከሕፃናቱ ደም ጋር ደባልቆ እንደሚረጋ አሳየ። ትኩስ ደም ሲሰጣቸው መድማቱ ይቆማል፤ በጠርሙስ ቀናት የሰነበተው ግን አይረዳም፤ ፕሌትሌቶቹ ሞተዋል። በ1962 እሱና ባልደረቦቹ ቁጥሩ ሲወርድ መድማቱ እንዴት እንደሚወጣ በሥዕል አሳዩ። ጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌት አለው፤ ከባዱ መድማት የሚበዛው ከ20,000 በታች ሲወርድ ነው። በዚሁ ጊዜ ልጁ በደም ካንሰር የታመመበት ጆርጅ ጀድሰን የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ከፍራይራይክ ጋር ተገናኘና ደምን እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን ሠሩ። ፕሌትሌትን ለይቶ ቀሪውን ለለጋሹ የሚመልሰው የዛሬው ማሽን ትውልዱ ከዚያ ነው።

እስከ አሁን «በሥሩ ውስጥ እዩት» እያልኩ መጣሁ፤ እዚህ ላይ ግን አባባሌን የሚያፈርስ ሰው አለ። ጉስታቭ ቦርን የታላቁ የፊዚክስ ሰው የማክስ ቦርን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር ተሰደደ። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆኖ ጃፓን ሄደና ጨረር መቅኔያቸውን ያቃጠለባቸው የሂሮሺማ ሰዎች ፕሌትሌት አጥተው እንዴት እንደሚደሙ አየ። በ1962 ለንደን ላይ የሠራው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ እንደ ጉሽ ጠላ ድፍርስ ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ኤዲፒ የሚባለው ንጥረ ነገር ጠብ ሲልበት ፕሌትሌቶቹ ይሰባሰባሉ፤ ፈሳሹ ይጠራል፤ ብርሃኑ ያልፋል። ኤዲፒ ሥራ የጀመረች ፕሌትሌት ራሷ የምትረጨው የጥሪ ምልክት ነው፤ «ድረሱልኝ» እንደማለት። በዚህ መሣሪያ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ አስፕሪን ያን ጥሪ እንደሚያፍን ታየ፤ ክሬቨን ሞቶ እውነቱ ወጣ።

በደም ባንኮች ደግሞ ፕሌትሌት እንደ ሥጋና ወተት በፍሪጅ ይቀመጥ ነበር። በ1969 ፊላዴልፊያ ላይ ስኮት መርፊና ፍራንክ ጋርድነር ይህ ስሕተት መሆኑን አሳዩ። በ4 ዲግሪ የሰነበተች ፕሌትሌት ምጣድነቷን ታጣለች፤ በሰው ሥር ስትገባ ሰውነት ቶሎ ይጠራርጋታል። በክፍል ሙቀት፣ በ22 ዲግሪ ስትቀመጥ ግን ትኖራለች። ዛሬ በየደም ባንኩ ከረጢቶቹ ቀን ከሌት በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ የሚንገላቱት ለዚህ ነው፤ በዚያም ሆኖ ዕድሜያቸው ከአንድ ሳምንት እምብዛም አይዘልም።

በ1971 ጆን ቬን አስፕሪን የሚያስረውን ኬሚካላዊ ሥራ አገኘ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቤንግት ሳሙኤልሰን ፕሌትሌት ሌሎችን የምትጠራበትን ሁለተኛ ምልክት፣ ትሮምቦክሴንን፣ ለየ። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ የላትም፤ አስፕሪን የሰበረባትን ዕቃ መልሳ መሥራት አትችልም። ስለዚህ አንዲት ክኒን ስምንትና አሥር ቀን የሚሆን ዕድሜዋን ሙሉ ታስራታለች። በ1988 አይሲስ-2 የተባለው ጥናት 17,187 የልብ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች አሳትፎ ግማሽ ክኒን አስፕሪን ለአንድ ወር ሲሰጥ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። የመጽሔቱ አዘጋጆች ውጤቱ በዚህም በዚያም ተከፋፍሎ ይቅረብ ብለው ሲያስጨንቁ ተመራማሪዎቹ በኮከብ ቆጠራም ከፋፈሉት፤ በገውዝና በሚዛን ኮከብ የተወለዱትን አስፕሪን እንደማይጠቅም «ተገኘ»! ቁጥርን ሲቆራርጡት የማይናገረው ነገር እንደሌለ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቀልድ አላውቅም። የክሬቨን ሌላው ሐሳብ፣ ጤነኛውም ሁሉ በየቀኑ ይዋጠው የሚለው፣ አልጸናም፤ በ2018 በጤነኛ አዛውንት ላይ ተሞክሮ የጨመረው መድማቱን ነው።

በ1994 መቅኔን ፕሌትሌት እንዲሠራ የሚያዝዘው ሆርሞን በአንድ ጊዜ በበርካታ ቡድኖች ተገኘ። የሚሠራው በአብዛኛው በጉበት ነው፤ የሚቀንሱት ደግሞ ፕሌትሌቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ እንደ ስፖንጅ እየመጠጡ። ሲበዙ ሆርሞኑ ያልቃል፤ ሲያንሱ ይተርፋል።

እናም አንድ የቆየ ወሬ ቀርቶ ነበር። ሜጋካርዮሳይት ብሎ የሰየመው ዊልያም ሃውል በስተርጅናው፣ በ1937፣ ፕሌትሌት በሳንባም ይወለዳል ብሎ ጽፎ ነበር። ወደ ሳንባ የሚገባውና ከሳንባ የሚወጣው ደም የፕሌትሌት ቁጥሩ ስለተለያየበት ነው። ጥቂቶች አመኑት፤ ብዙዎች ረሱት። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በማርክ ሉኒ የሚመራው ቡድን ፕሌትሌታቸው አረንጓዴ የሚያበራ አይጦች ላይ፣ ሳንባቸው እየተነፈሰ፣ ሥሮቻቸውን በአጉሊ መነጽር ይቀርጽ ነበር። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። በምስሉ ላይ ግን ከመቅኔ ተነቅሎ የመጣ ግዙፍ ሕዋስ በቀጭኑ የሳንባ ሥር ተቀርቅሮ ታየ። ጅረቱ ይጎትተዋል፤ ሥጋው እንደ ክር ይረዝማል፤ ከክሩ ጫፍ ትናንሽ አረንጓዴ ቁርጥራጮች እየተበጠሱ በየተራ ይሄዳሉ። ሲቆጠር በአንድ አይጥ ሳንባ በሰዓት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ።